ከትርንጎ ቤት ያልቀመስሁት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች አዳራሹን ቄጤማ ጎዝጉዘው ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ የምስክር ወረቀትም በመስታወት አስገብተው ሰጡኝ። ኃላፊያችን ስለ ትጋቴና ስለ ትዕግሥቴ ሲናገር ስለ ሌላ ሴት የሚያወራ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ ላሊበላ ያለ አሠሪ ሁሉ ይመሰክራል። ከዚያ ምግብ ቀረበ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሣህን ይዛ መጣችና «እትዬ የሺ፣ ዛሬስ ከሰው እጅ ይቀምሳሉ አይደል?» ስትለኝ ሁሉም ሳቁ። ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን ሁሉ ከባለጉዳይ ቤት ውሃ እንኳ ባለመጠጣት የታወቅሁ ነኝና ቀልዱ ገብቶኛል። በላሁ፤ መረቅኋቸውም። ልቤ ግን ከከተማው ዳር ባለች አንዲት ቤት ነበር። እዚያ ቤት ሁለት ጊዜ ምግብ ቀርቦልኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ። የሥራ ዘመኔን ላስታውስ ብዬ በተቀመጥሁ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያች ቤት ነው።

ሥራ የጀመርሁት ኮን፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ስለነበር አንዳንድ ወር ደመወዝ ይመጣል፤ አንዳንድ ወር ወሬው ብቻ ይመጣል። አለቃዬ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ከቀበቶው ጋር አስሮ የሚዞር ሰው ነበር። እሱ ለቅሶ ሲሄድ ቁልፉም ለቅሶ ይሄዳል፤ ባለጉዳዩ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ቢሆንም አላማውም። ሰው አሻራውን አሳርፎ የተወውን ወረቀት እንደ አደራ ዕቃ መያዝን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ላሊበላ ተዛወርሁና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሆንሁ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አሠሪና ሠራተኛ ሲጣሉ መሐል እገባለሁ፤ የሥራ ቦታው ሰው የሚጎዳ እንደሆነ አያለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ፍርድ ቤት ሲጠራኝም ቆሜ እናገራለሁ። ያን ጊዜ እንግዳው እየበዛ በየኮረብታው ሆቴል ይሠራ ነበር። ትናንት ሞፈር የያዘ ገበሬ ዛሬ ድንጋይ ተሸካሚ፣ ትናንት ውሃ ትቀዳ የነበረች ልጅ ዛሬ አልጋ አንጣፊ ሆነች። የሥራ ውል የሚባለው ነገር ለሁሉም እንግዳ ነበር። አሠሪው «እንጀራዬን በልታ እንዴት ትከሰኛለች?» ይላል። የባሰው ነገር፣ ሠራተኛዋም ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው ትላለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ፈንታው ናቸው። የወገል ጤና ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ንግግራቸው የተቆጠረ። ሰው አቤቱታውን ሲጀምርላቸው እጃቸውን ያነሡና «ቆይ፣ የት ቆመህ ነበር?» ይላሉ። ሰውየው ሊያሳያቸው ሲነሣ አብረው ይነሣሉ። ከደረጃ የወደቀ እንደሆነ ደረጃውን ይወጣሉ፤ ሸክም ወገቡን የሰበረው እንደሆነ ሸክሙን ይሸከማሉ። አንድ ቀን ሙጃ አካባቢ ከነበረ የመንገድ ሥራ ላይ ሠራተኞቹ የሚያነሡትን ድንጋይ አንሥተው ሦስት እርምጃ ሄዱና አስቀመጡት። ላባቸውን ጠርገው «በይ ጻፊ» አሉኝ። «ምን ብዬ?» ብላቸው፣ «ከባድ ነው ብለሽ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ሪፖርት አልጻፍሁም።

ወረቀት ሲሰጣቸው ደግሞ ከማንበባቸው በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብሉታል። «ቃሉን ማንም አሳምሮ ይጽፈዋል፤ ወረቀቱን ነው ማየት» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ የዓይናቸው ድካም መስሎኝ መነጽር እንዲያደርጉ መክሬያቸው ነበር፤ ጥሩ ስድብ ጠጥቻለሁ።

ሦስተኛው ልማዳቸው ግን የከበደኝ ነበር። ከአሠሪም ቤት ከሠራተኛም ቤት ምንም አይቀምሱም። ኪሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ የሽምብራ ቆሎ አለ፤ ሲርባቸው ከደጅ ወጥተው እሱን ይቆረጥማሉ። ላስታ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዳ ደጅ ከረገጠ ቤት ያፈራው ሳይቀርብለት አይሄድም፤ አልበላም ካለም ባለቤቱ «በሞቴ» እያለ ይይዘዋል። አልበላም ብሎ የወጣ ሰው ቂም አለው ማለት ነው። ምክንያቱን ልጠይቃቸው ብዬ አፈርሁ። እሳቸውም «በሰው ቤት አፍሽን ዘግተሽ ዓይንሽን ክፈቺ» ከማለት በቀር የነገሩኝ የለም። እኔም እንደ ጾም ያዝሁት፤ ጾምን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ትርንጎን ያወቅኋት አንድ የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ያለፋት አይመስለኝም። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ በኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ድስቱና ማረሻው ይፈለጋል፤ ራሱ ግን ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል። ከእጁ የሚበላ ጥቂት ነው። ትርንጎ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሁለት ዓመት ስትሠራ የማን ልጅ እንደሆነች ያወቀ አልነበረም። በኋላ ከመንደሯ አንዲት ሴት እዚያው ተቀጠረችና ነገሩን አወጣችው። ከዚያ ወዲያ የወጥ ቤቱ ሴቶች የላጠችውን ሽንኩርት እንኳ መንካት ተዉ። አንዷ ሆዷን ሲቆርጣት «በላችኝ» ብላ ጮኸች። በወሩ ባለሆቴሉ ትርንጎን አሰናበታት።

«ሥራዬን ነው እምፈልገው» አለችን። «ሌላ ምንም አልፈልግም። እዚያ ወጥ ቤት ተመልሼ ገብቼ ሽንኩርቴን መላጥ ነው።»

ባለሆቴሉን ስንጠይቀው ፈገግ እያለ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ሰጠን። አርፍዳለች የሚሉ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ቀን የተለያየ ሳምንት ነው። «ስለ ትውልዷ የተናገረ ማን አለ? እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይኼ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው» አለ። አቶ ፈንታው ደብዳቤዎቹን ወስደው ወደ መስኮቱ አዘነበሉ። ከዚያ ጠሩኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የሁለተኛው ደብዳቤ ጽሑፍ ያለ ቀለም ተጭኖ ይታያል። ሁለተኛው ላይም የሦስተኛው አለ፤ የኋለኛው ቀን ያለበት ቀድሞ ተጽፏል። ከአንድ ደብተር ላይ፣ ተደራርበው፣ በአንድ ጊዜ የተጻፉ ናቸው።

«እኒህ ሦስት ወንድማማቾች የተወለዱት በአንድ ቀን ነው» አሉ አቶ ፈንታው።

ሕጉ በትውልድ ምክንያት ሰውን ማሰናበት ይከለክላል። ደስታዬን አልቻልሁትም፤ የረታን ያህል ነበር የተሰማኝ። የቀረው አንድ ነገር ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ልመለስ ብሎ የሚከሰው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ሦስት ወር ካለፈ መብቱ ቀሪ ነው፤ ይርጋ ይባላል። ክሱን አዘጋጅቼ የትርንጎን ቃል ልጨምርበትና ላስፈርማት ቤቷ ድረስ ሄድሁ።

እናቷ እማማ ደብሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጭቃ ያድቦለቡሉ ነበር። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ርጥብ ነው። ትርንጎ አጎዛ አነጠፈችልኝ፤ ወዲያው ጓዳ ገብታ ሽሮ ከነድስቱ አመጣች፤ እናቷ የሠሩት ድስት ነው፣ ይንተከተካል። እንጀራውንም ጠላውንም ደረደረችው።

«አመሰግናለሁ፣ አልቀምስም» አልኋት። እንደ አቶ ፈንታው ቁርጥ አድርጌ።

የእማማ ደብሬ እጅ ጭቃው ላይ ቆመ። ትርንጎ ድስቱን አንሥታ ወደ ጓዳ መለሰችው። በሞቴ አላለችም፣ አንዴ እንኳ አልለመነችኝም። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያን ጊዜ ደስ መሰኘቴ ነው። ሥራዬን የምታውቅ ልጅ፣ ሳትጨቀጭቀኝ አለፈችልኝ ብዬ አመሰገንኋት። ቃሏን ስጠይቃት ራሷን እንዳመማት ነገረችኝ፤ ሰኞ ቢሮ መጥታ እንደምትፈርም ቃል ገብታ ሸኘችኝ።

ሰኞ አልመጣችም። በማግሥቱም አልመጣችም። ሰው ስልክባት «እመጣለሁ» ትላለች። በኋላ ባለሆቴሉ ሽማግሌ እንደላከባት ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ «ጾም ነው፤ ፋሲካ ይለፍና እናስታርቃችኋለን» ብለዋታል። ሽማግሌ የያዘውን ነገር ፍርድ ቤት መውሰድ በአገሩ ነውር ነው። እኔም ታዲያ እግር አጥቼ ነው ወይ? ሄጄ ቀኑ እንደሚያልፍባት ልነግራት እችል ነበር። ሙጃ ሄድሁ፣ ወልድያ ለስብሰባ ተጠራሁ፣ ተመልሼ የሌላ ሰው ፋይል ገለጥሁ። ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹም ድምፃቸው ጠፋ። ርክበ ካህናት ሰሞን ፋይሏን አውጥቼ ቀኑን ስቆጥር ሦስቱ ወር አልፏል።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ የእናቷን ድስቶች ደርድራ ስትሸጥ አገኘኋት።

«ትርንጎ፣ ምነው ቀረሽ? ወረቀቱ አልቆ ነበር እኮ። ቀኑ አለፈብን።»

«አለፈብኝ ነው እሚባለው እትዬ» አለች ቀና ሳትል። «እርስዎ ላይማ ምን አለፈ?»

«ለምን አልመጣሽም?»

የምትወለውለውን ድስት አስቀመጠችው። «ከቤቴ ውሃ ያልጠጣ ሰው፣ እሷም ሰው ናት ብሎ ይሟገትልኛል ብዬ እንዴት ልመን? ወጥ ቤት ያሉቱ ቢጸየፉኝ አልተማሩም አልሁ። እርስዎን ግን የተማረ ሰው መጣልኝ ብዬ፣ እናቴም አዲሱን ድስት አውጪ ብላኝ…» አልጨረሰችውም። አንዲት ገዢ መጥታ ዋጋ ስትጠይቃት ፊቷን ወደ እሷ አዞረች።

ገበያው መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሽማግሌ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ቀን ቆጠራ ሳስብ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ፊት ምግብ መግፋት ምን ማለት እንደሆነ አንዴም አላሰብሁም። ያባረሯት «ከእጅሽ አንበላም» ብለው ነው። እኔም ልረዳት ሄጄ ያልኋት እሱኑ ነው። አልቅሻለሁ፤ በነጠላዬ ሸፈንሁት እንጂ።

ሰኞ ለአቶ ፈንታው ሳልደባብቅ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያን ቀን ነው ራሰ በራ መሆናቸውን ያወቅሁት።

«እኔ በወጣትነቴ ከአንድ አሠሪ ቤት ሙክት ታርዶልኝ በላሁ» አሉኝ። «በማግሥቱ ስለሱ እውነቱን ብጽፍ፣ ይኼ ሰው ቤቴ የበላውን ሳያራግፍ ነው የካደኝ ብሎ አገር ለአገር አወራብኝ። ዝም ብል ደግሞ በሙክት ተገዛ ልባል ነው። ከዚያ ወዲህ ነው የተውሁት። አየሽ፣ ደንቡን ሰጠሁሽ፣ ምክንያቱን አስቀረሁብሽ። ጥፋቱን እኩል እንካፈለው።»

«የትርንጎስ ሥራ?»

«እሱን የሚመልሰው የለም» አሉኝ። ሦስቱን ደብዳቤዎች ፋይሉ ውስጥ መለሷቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው፤ ማስረጃው እጃችን ላይ ነበር፣ ቀኑ ግን አልነበረንም። ከዚያ «ከእንግዲህ ደጅ ላይ ተናገሪ» አሉኝ። «እግርሽ ሳይገባ፣ ምግብ ሳይነሣ። ከማንም ቤት እንደማትቀምሺ አስቀድመሽ ንገሪ። ከዚያ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ።»

ስንቱ አለቃ ጥፋቱን በበታቹ ላይ ሲጭን አይቻለሁ። እሳቸው የኔን ጥፋት ግማሹን አንሥተው ተሸከሙልኝ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ሙጃው ድንጋይ። ለዚህ ነው ስማቸውን ሳነሣ ሁልጊዜ ነፍሳቸውን ይማር የምለው። ጡረታ ወጥተው ወደ ወገል ጤና ሲመለሱ የቆሎ ጨርቃቸውን ሰጡኝ። እኔም በየፋይሉ ሽፋን ላይ የመጨረሻውን ቀን በቀይ እርሳስ መጻፍ ጀመርሁ፤ ኃላፊው ፋይል አበላሸሽ ብሎ ቢጽፍብኝም አልተውሁም። ደጅ ላይ መናገርም ለመድሁ። ሰው ግራ ሲገባው «ይቺ ሴትዮ ገና ሳትገባ ትሰብካለች» ይለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ትርንጎን አንዳንዴ በሩቁ አያታለሁ፤ መንገድ ትቀይራለች፤ እኔም አልከተላትም።

አንድ ጠዋት እማማ ደብሬ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጠቁረዋል፣ ጎብጠዋል። «ልጄ እንዳትሄጅ ብላኝ ነበር» አሉኝ። «እግሬ ግን አመጣኝ።»

ትርንጎ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ኩባንያ በሚያሠራው የእንግዳ ማረፊያ ጥርብ ድንጋይ ተሸካሚ ሆና ኖሯል። ከተከመረው ድንጋይ አንዱ ተንሸራቶ ግራ እጇን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ሁለት ጣቷ ዳግመኛ አይታጠፍም። ከሕክምና ስትመለስ የጠበቃት የስንብት ደብዳቤ ነው፦ የተሰጣትን ጓንት ባለማድረጓ የደኅንነት ደንብ ጥሳለች ይላል። የስንብቱን ቀን አይቼ ቀይ እርሳሴን አነሣሁና የመጨረሻውን ቀን ጻፍሁ። ያን ያህል ተጭኜ ስለጻፍሁ እርሳሱ ተሰበረ።

ወደ ሥራ ቦታው የሄድሁት ያኑ ዕለት ነው። አብራት የምትሸከም ሴት ነበረች። «ትርንጎ የት ቆማ ነበር?» አልኋት። አሳየችኝ፤ እዚያው ቆምሁ። የድንጋዩ ክምር ከራሴ በላይ ነው፤ በክምሩና በግድግዳው መሐል ያለው መተላለፊያ ለአንድ ሰው እንኳ ጠባብ ነው። ሸክም ይዞ የሚያልፍ ሰው መሸሻ የለውም። ጓንት ቢደረግ ድንጋዩን አያቆመውም። ቢሆንም ጓንቱን ልየው አልሁ።

የመጋዘኑ ሰውዬ ጆንያ አውጥቶ አራገፈው። «ጠዋት ይወስዳሉ፣ ማታ ይመልሳሉ» አለኝ። ጓንቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከፋብሪካ ሲመጡ በታሰሩበት ክር እንደታሰሩ ናቸው።

«ማታ ሲመልሷቸው መልሶ እንዲህ የሚያስራቸው ማን ነው?» አልሁት።

ክሩን ያየው ገና ያኔ ነው። አንዱን ጥንድ በጥሼ አጠለቅሁት። የትልቅ ወንድ ልክ ነው፤ ጣቴ ግማሹ ላይ ያልቃል። በዚያ ጓንት ድንጋይ ላንሣ ብል ከእጄ አምልጦ የእግሬን አውራ ጣት ሊወስደው ነበር። ይህንንም ጻፍሁት፤ አውራ ጣቴን ብቻ ዘለልሁ።

ከዚያ ትርንጎ ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ቆምሁ። በሩን ስትከፍት እጇ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ነበር።

«ሳልገባ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኋት። «እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ከማንም ቤት አልቀምስም። ከባለሆቴሉም ቤት አልቀመስሁም፣ ከቄሱም ቤት አልቀምስም። ያን ጊዜ ይህን ሳልነግርሽ ምግብሽን ገፋሁ። ሥራሽ የቀረው በኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

በደኅናው እጇ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «እግዜር ይቅር ይበልዎ፣ ይግቡ» አለች። ገባሁ። አሁንም ጓዳ ገብታ በአንድ እጇ ድስቱን አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። «አይብሉ እንግዲህ» አለችኝ። «ቤቴ ገብቶ ሳይቀርብለት የወጣ ሰው እንዳይኖር ነው። አይተውት ይሄዳሉ።»

ከጠዋት ጀምሮ ከቆሎ በቀር ያልቀመስሁ ሴት፣ ያንን ሽሮ ፊቴ ላይ አድርጌ ቃሏን ጻፍሁ። እንዴት ይሸታል! «ጡረታ ስወጣ መጥቼ እበላዋለሁ» አልኋት።

«እስከዚያማ ይበርዳል እትዬ።»

«ሌላ ትሠሪያለሽ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ወረቀቱን ስሰጣት በቀኝ እጇ ሙሉ ስሟን ጻፈችበት። ክሱ በማግሥቱ ጠዋት ፍርድ ቤት ገባ።

የቀጠሮው ዕለት የኩባንያው ጠበቃ ጓንቱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ብልህ ሰው ነበር፤ ሪፖርቱን ማፍረስ ባይችል ጸሐፊዋን ማፍረስ ፈለገ። ይቺ ተቆጣጣሪ ከከሳሿ ጋር ከድሮ ጀምሮ ወዳጅ ናት፣ የጻፈችውም በወዳጅነት ነው አለና ትርንጎን ይጠይቃት ጀመር።

«ወይዘሮ የሺ ቤትሽ መጥተው ያውቃሉ?»

«መጥተዋል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲህ እንደ አገሩ ወግ ምግብ አቅርበሽላቸዋል።»

«አቅርቤያለሁ። ደሃ ብሆን ሰው ማስተናገድ አላጣም።»

ጠበቃው ወደ ዳኛው ፈገግ አለ። «እና በሉ፣ ጠጡ?»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።  እኔ የማውቀው ያ ምግብ መግፋቴ ሥራዋን እንዳሳጣት ብቻ ነው፤ እሷ ግን ሌላ ነገር አይታለች።

«አልቀመሱም» አለች። «መጀመሪያ ጊዜ ሲገፉት ቡዳ ናት ብለው ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስሁ፤ ክሴንም የተውሁት በዚያ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከደጅ ቆመው ከማንም ቤት አልቀምስም አሉኝ። እንዲያም ብለው አልተውሁም፣ አቀረብሁላቸው። ተርበው እያየሁ ሽሮውን እያዩት ጽፈው ወጡ። እስከ ዛሬ ከቤቴ ውሃ አልጠጡም። የርስዎ ጌታ ቤትስ ጠጥተው እንደሆን ይጠይቋቸው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ፤ እየሳቁ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። «ሌላ ጥያቄ አለ?» አሉት ጠበቃውን። ጠበቃው ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ፍርዱ የተነበበው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ነው። ትርንጎ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ለእጇም የሚስማማ ሥራ ይሰጣት ተባለ። ኩባንያው የሚሰጣት ሌላ ቦታ ስላጣ መጋዘን ላይ አስቀመጣት። አብራት የነበረችው ሴት እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ቀን የገባች ጊዜ ያደረገችው መቀስ ፈልጋ የጓንቶቹን ክር አንድ በአንድ መቁረጥ ነው። ለሴቶቹ እጅ የሚሆን ጓንት እስኪመጣም አለቃውን ጠዋት ማታ ጨቅጭቃዋለች።

እኔም ከዚያ ወዲያ ብዙ ፋይል ከፈትሁ፤ ብዙ ተሸነፍሁ፣ ጥቂትም ረታሁ። ቂም የያዘብኝ አሠሪ እንኳ ዛሬ መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም ይለኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሥራው ከኔ የወሰደው ጉልበትና ሁለት ጥንድ ጫማ በየዓመቱ ነው፣ የሰጠኝ ግን ሰው ነው።

ከሽኝቱ በማግሥቱ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። የአቶ ፈንታውን የቆሎ ጨርቅ ሣጥን ላይ ትቼዋለሁ። ያችን ደጃፍ ስደርስ ልማድ ሆኖብኝ ቆምሁ። ትርንጎ በሩን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ሳይገቡ እሚናገሩት አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኋት።

ገባሁ። እማማ ደብሬ ከመደቡ ላይ ናቸው፤ ጭቃ ከተዉ ቆይተዋል። ትርንጎ ድስቱን አመጣችው፤ ያው ሽሮ፣ ያው ይንተከተካል። እጄን አስታጠበችኝና የመጀመሪያውን ራሷ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ጨመረችልኝ።

እማማ ደብሬ አንገታቸውን ወደ እኔ ሰገግ አድርገው፣ እስክውጠው ድረስ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አላነሡም። ዋጥሁት።

«ጨው አነሰው ይሆን ልጄ?» አሉኝ።

«አላነሰውም እማማ» አልኋቸው፣ «ይጨመርልኝ።»